ለማርታ የወረደው ሙሾ

ባለፈው ቅዳሜ መምህራችን ትምህርቱን ከመጀመራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁን። እኔ ጎንደር ውስጥ የቱሪዝም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምማረውም ቅዳሜና እሑድ ነው። በዕድሜ ከክፍሉ ሁሉ ስለምበልጥ ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል፤ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። የመምህሩ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ጎብኚ በሚያልፍበት ገጠር ያደጋችሁ እስቲ ንገሩን፤ ከአካባቢያችሁ ባህል ለቤተሰብ መተዳደሪያ የሚሆን ምን አለ?»

ከደባርቅ የመጣው ልጅ የበቅሎ ኪራይ አለ። አንዷ የእናቷን ስፌት፣ ሌላው የአጎቱን ማር ጠቀሰ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ አፌ ላይ የመጣው ቃል «ለቅሶ» የሚል ነበር። ዋጥኩትና «የባቄላ እሸት» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ደግ ሰው ናቸውና «እሸትማ ከተገኘ ማን ይጠላል!» ብለው አለፉኝ።

ስንወጣ ባጃጅ አልያዝኩም። ከአራዳ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት በእግሬ እየወጣሁ ያልተናገርኩትን መልስ ለራሴ ተናገርኩት። አሁን የምጽፈው እሱን ነው።

የተወለድኩት ወገራ ውስጥ፣ አስታ በር በምትባል መንደር ነው። አስታ የሚባለው ዛፍ ከእኛ በፊት ተቆርጦ አልቆ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። መንደራችን ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም፤ ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው መኪና ሁሉ በግርጌዋ ያልፋል። አገሩ የገብስና የባቄላ አገር ነው። መስከረም ላይ ባቄላው ሲያብብ ሽታው እስከ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ጥር ላይ ደግሞ ነፋሱ ከአውድማው ገለባ እያነሳ ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። ብርዱን ለማያውቀው ሰው መንገር ከባድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሲሄድ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በአረማመዱ ነበር።

እናቴ ይርገዱ ትባላለች። አባቴ የሞተው እኔ ክፉና ደጉን ሳልለይ ነው። ከሱ የቀረልን ቤቱና አንድ ማሳ ነበር። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ፍግ ተሸክማ ማሳ ታለብሳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው የለም፤ «ወግ ነው» ይላሉ። ወንድ የሌለበት ቤት እንግዲህ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ እየተቀበለ ይኖራል፣ ወይም ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል። እኛ ቤት የነበረው ሌላ ነገር የእናቴ ድምፅ ነበር።

እናቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። በአካባቢው ሰው ሲሞት መርዶው ከዘመድ ቀጥሎ የሚደርሰው ለእሷ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ትወጣለች፤ ነገር ግን ለቅሶው ቤት እንደደረሰች ዘላ አትገባም። ከደጅ አንድ የቅርብ ዘመድ ትይዝና በጆሮው ትጠይቀዋለች። «ምን ይወድ ነበር? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ? ሲጠሩት ምን ብሎ ነበር አቤት የሚለው?» ከዚያ በኋላ ገብታ ስትጀምር ያ ሰው ሞቶ ሳይሆን በሩ ላይ ቆሞ የሚሰማ ይመስል ነበር። «ሙሾ ስም ይፈልጋል» ትለኝ ነበር። «ስም የሌለው ሙሾ ጩኸት ነው፤ ጩኸትማ ጅብም ይጮኻል።»

እንግዲህ የበልግ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ፣ መሬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታረስበት የገመሳ ሰሞን፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ማሳችን ላይ በሬዎች ጠምደው የቆሙ ሰዎች እናገኛለን። የጠራቸው የለም። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው አያ ዳኘው ነበር። አያ ዳኘው ጎረቤታችን ነው፤ ቁመቱ ረዥም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ከእናቴ ጋር ነገር መወራወር የሚወድ ሰው። እናቱ ሲሞቱ እናቴ ያወረደችው ሙሾ እስከ ዳባት ድረስ ተወርቷል ይባል ነበር።

«ይርገዱ!» ይላል ከማሳው ጫፍ ሆኖ። «ይኼ ጠላሽ ቀጠነ እንጂ እኔስ እስከ ሱዳን አርሼልሽ ነበር!»

«አንተ ደግሞ መቼ ወፍራም ጠላ ጠጥተህ ትልምህ ቀጥ ብሎ ያውቃል! ባለፈው ዓመት ባቄላዬ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ነው የበቀለው።»

«እባብ ካየሽ ንገሪኝ፤ እሱንም አርሰዋለሁ።»

ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከመካከላቸው አንድም ቀን «ለሙሾሽ ነው» ያለ የለም። እሷም «ላለቀስኩት ነው» ብላ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አስቤው እንኳ አላውቅም። ዝናብ ይዘንባል፣ ሰዎች ይመጣሉ፤ ይኸው ነበር።

እኔ ከፍ ብዬ ስምንተኛ ክፍል በደረስኩበት ዘመን የጎብኚዎች መኪና በዛ። የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው የእንግዳ ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ወደ ስሜን የሚወጡ ፈረንጆች በእኛ መንደር ምሳ ይበላሉ፣ የገበሬ ቤት ያያሉ፣ የሚያስተናግደው ቤት በተራ ይሆናል። ሁሉም ቤት ታዲያ ከምሳው ሌላ የሚያሳየው አንድ ነገር አዘጋጀ። አንዱ ቤት ወተት ሲናጥ ያሳያል፣ አንዱ ጥጥ ሲፈተል፣ አንዱ ደግሞ በቅሎ ጭኖ የእንግዶቹን ልጆች ያዞራል። የማኅበሩ አስጎብኚ የእናቴ እህት ልጅ ሲሳይ ነበር። ጎንደር ተምሮ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የመጣ፣ ቀልደኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ጎልማሳ ነው።

ተራው ለእኛ ሲደርስ መጣና መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲህ አክስቴ፣ ያንቺ ቤት ምን ይታይበት?»

«ምን አለኝና! አመዱንና ድመቷን አሳያቸዋ።»

«ድምፅ አለሽ እኮ።»

«ዘፈን አላውቅ።»

«ዘፈን መቼ አልኩ? ሙሾ ነው።»

እናቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። «ሟች በሌለበት? ምነው ሲሳይ፣ ማንን ልትቀብር አማረህ? ሂድና መጀመሪያ እናትህን ጠይቃት፤ ሟች እሷ ልሁን ካለች ዛሬውኑ አወርድላታለሁ!»

ሲሳይ እየሳቀ እጁን አነሳ። ሰው ሳይሞት ማልቀስ በእኛ ዘንድ ሞትን በስሙ እንደ መጥራት ነው፤ እሱም ይኼን ያውቅ ነበር። ምሳ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። እናቴ ያን ምሳ የፈለገችው ስለ እኔ ነው። ትምህርቴን ልቀጥል አምባ ጊዮርጊስ ቤት ልከራይ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሚታረስ ማሳ ብቻውን አይበቃም።

እንግዶቹ የመጡት ጥር ላይ፣ ጥምቀትን ጎንደር አክብረው ወደ ስሜን ሲያልፉ ነው። ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እናቴ ቤቱን አስውባ ለቅልቃ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ ነበር። የገብስ ቂጣ በቅቤ ለውሳ፣ ዶሮ ሠርታ፣ የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ አቀረበች። ፈረንጆቹ ንፍሮውን እየላጡ መብላት ሲያቅታቸው እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ግን በሩ አጠገብ ተቀምጦ የወሰደውን ቂጣ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ይኼ ሰውዬ ምነው አይበላ?» አለች እናቴ። «ቅቤው ከበደው?»

ሲሳይ ጠየቀው። ሰውየው ቀስ ብሎ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። የሲሳይ ፊት ተለወጠ።

«አክስቴ፣ ሚስቱ ሞታበታለች። ስሜንን አብረው ሊያዩ ዕቅድ ነበራቸው አሉ። ክረምት ላይ ሞተችና ብቻውን መጣ።»

እናቴ በቆመችበት ቀረች። «ነፍስ ይማር! ማን አለቀሰላት?»

ሲሳይ ተርጉሞ መልሱን ሰማ። «በነሱ አገር በቀብር ላይ ድምፅ አይወጣም ይላል። ቆመው ሙዚቃ ሰሙ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።»

«ታዲያ ማንም አላለቀሰም?»

«እሱ መኪና ውስጥ ብቻውን አለቀሰ።»

ይኼ ነገር እናቴን እንዴት እንደነካት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እሷ የሰውን ድህነት ብዙ ዓይነት አይታለች፤ አልቃሽ ያጣ ሰው ግን አይታ አታውቅም። ሰፌዱን አስቀምጣ ሰውየው አጠገብ በርከክ አለችና የተለመደውን ጥያቄዋን ጀመረች። ስሟ ማን ነበር?

«ማርታ» አለ ሰውየው፤ ይኼን ለመተርጎም ሲሳይ አላስፈለገም።

«ማርታ? የእኛው ስም ነው እኮ!» እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች፤ የሩቅ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ሆነች። ምን ትወድ ነበር? ጽጌረዳ መትከል። ልጅስ? አልወለዱም። ምን ጀምራ ሳትጨርስ ቀረች? ሰውየው በእጁ የያዘውን ቂጣ መደቡ ላይ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት የተከለችው ጽጌረዳ ያበበው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው አለ።

እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ሲሳይ፣ በላቸው፤ ይኼ ለእነሱ የሚታይ አይደለም፤ ለሰውየው ነው።» ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በዝግታ ጀመረች፤

«ጽጌረዳ ተክላ፣ ውሃ አጠጥታ፣
አበባው ሲወጣ ማን ይየው ማርታ?»

ሽማግሌው ከሙሾው አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ስሟን። ስሟ በመጣ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ ዝግ ባለ ድምፅ ልትጨርሰው ነበር ያሰበችው፤ በኋላ እንደነገረችኝ። ነገር ግን ሐዘንተኛ ፊት ለፊቱ ሲያለቅስ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሙሾ አውራጅ የለም፤

«ድምፅ አይወጣም አሉ በእናንተ ሀገር፣
ልጩህልሽ እኔ ከወገራ ምድር።»

ጮኸች። ደረቷን መታች። የእኛ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ ምንም አያስቀርም። ነፋሱም ያን ቀን ወደ አውድማዎቹ ነበር የሚነፍሰው።

መጀመሪያ የሰማሁት ሴቶቹን ነው። «ወየው! ወየው!» እያሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከየአቅጣጫው ወደ ቤታችን እየሮጡ ነበር። ከኋላቸው ወንዶቹ ውቂያቸውን ጥለው ይመጣሉ። አያ ዳኘው ሁሉንም አልፎ ቀድሞ ደረሰ። ጸጉሩ ላይ ገለባ ነበር፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። «ይርገዱ! ልጅቷ ናት? ልጅቷ ናት ወይ?» ይላል። እናቴ ከእኔ በቀር በቤቷ ማንም የላትም፤ ከዚያ ቤት ለቅሶ ከተሰማ የሞትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።

እኔ ጠላ ልቅዳ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ሲያየኝ ቆመ። ከዚያ በሁለት እጁ ራሴን ያዘና «አለች! አለች! እሰይ፣ አለች!» እያለ ግንባሬን ሳመኝ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ያኔ ነው ከውስጥ የወጣች አንዲት ፈረንጅ ካሜራዋን ያነሳችው። ክፋት አልነበረባትም፤ እሷም ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ደጋግማ አነሳችው። ሴቶቹንም አነሳች፤ አንዷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሲሳይ ነገሩን ለማስረዳት ላብ በላብ ሆነ። ሁሉም ከሰማ በኋላ አያ ዳኘው በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ፤ ጸጉሩን አራገፈ፤ ጎንበስ ብሎ ገባና ለሽማግሌው «እግዜር ያጥናህ። ነፍሷን ይማር» አለው። ሰውየው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ሴቶቹም ገብተው ተቀመጡ። አንዳንዶቹ እውነት አለቀሱ፤ ለማርታ ይሁን ለራሳቸው ሟች አላውቅም፤ ለቅሶ ላይ ይኼን የሚለይ የለም። አንዷ እስከ ቤቷ ሮጣ ዳቦ ይዛ ተመለሰች፤ ሐዘንተኛ ዘንድ በባዶ እጅ አይመጣም። እኔ ያን ጊዜ ነገሩ በዚህ በሸጋ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መሄጃቸው ሲደርስ ሲሳይ እንደ ልማዱ የምሳውን ክፍያ ለእናቴ ሰጣት። እሱ ለሁሉም ቤት የሚሰጥ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ ግን ሽማግሌው መጣና ከኪሱ ያወጣውን ገንዘብ በእጇ አስቀመጠላት። እናቴ እጇን ሰበሰበች። እሱ ደግሞ ሰጣት። ለመንደራችን ሰው እንግዳ፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ የሰጠውን መመለስ ፊቱን እንደ መምታት ነው። ስለዚህ እንደ ተማረችው አደረገች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ወገቧን ሰብራ፣ ተቀብላ ገንዘቡን ሳመችው። አክብሮት ነበር። ደጅ ለቆመው ሰው ግን ሙሾ አውርዳ ገንዘብ ተቀብላ ስትስም ነው የታየችው። ካሜራውም ቀጭ አለ።

አያ ዳኘው መኪናዎቹ ሲሄዱ ዱላውን አንሥቶ ምንም ሳይል ወደ አውድማው ተመለሰ። «አያ፣ ጠላ ሳትቀምስ?» አለችው እናቴ። «ይቆየኝ፤ ገብሱ ሜዳ ላይ ነው» አላት።

ሁዳዴ ገባ፣ ወጣ። ፋሲካ አለፈ። የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል አደረገ። እናቴ ጠላ ጠመቀች፤ ጠዋት ጠዋትም ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ወደ ማሳው ታያለች። የሌሎች ሰዎች መሬት ጥቁር ሆኖ ተገለባበጠ። የእኛ ማሳ የአምናው የባቄላ አገዳ እንደቆመበት ነጥቶ ቀረ። ጠላው ኮመጠጠ። በመጨረሻ «ነይ፣ አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝና አያ ዳኘው ቤት ሄድን።

ደጁ ላይ ተቀምጦ የቀንበር ማነቆ ይጠግን ነበር። ተነሥቶ ተቀበለን፣ አጎዛ አነጠፈልን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ።

«አያ ዳኘው፣ ምን በደልኩህ?»

«አንቺ? ምንም።»

«ታዲያ ማሳዬ ምነው እንዲህ ሆነ?»

ማነቆውን አስቀመጠ። «እናቴ ስትሞት አለቀስሽላት። እኔም አረስኩልሽ። ይኼ ለዚያ ነው ያልን ግን የለም። ብለን እናውቃለን?»

«አላልንም።»

«አሁን ግን አንቺ ስታለቅሺ ሰው ‹ስንት ተሰጣት› ይላል። እኔ ባርስልሽ ‹ስንት ከፈለችው› ሊሉኝ ነው። ድምፅሽ ዋጋ ከወጣለት የእኔም በሬ ዋጋ ሊወጣለት ነው። ያንን ዋጋ ደግሞ አንቺ አትችዪውም፤ እኔም ካንቺ ልቀበል አልችልም። እንዴት ብዬ ልረስልሽ?»

«ለሰውየው ሚስት ነው ያለቀስኩት፤ ለገንዘብ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ይርገዱ ትሙት፣ አውቃለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።» ቀጥሎ የተናገረው ወደ መሬት እያየ ነው። «ልጅሽ የሞተች መስሎኝ ነው የሮጥኩ። እንደዚያ ሆኜ ሚስቴ እንኳ አይታኝ አታውቅም። አሁን የት አገር፣ የማን ቤት ግድግዳ ላይ እያለቀስኩ እንደምኖር እንጃ።»

ተነሣን። ሲሸኘን እስከ አጥሩ በር ድረስ መጣ። ጠብ አልነበረም፤ ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ለዚህ ግን ሽማግሌ ምን ብሎ ያስታርቃል?

በዚያ ክረምት መንደሩ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሞቱ። እናቴን መርዶ የነገራት የለም፤ ጩኸቱን ሰምታ እንደማንኛውም ሰው ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ደጅ ላይ አንዷን ዘመድ ይዛ ልትጠይቅ ስትል ሴትየዋ «ሥራ አለብኝ» ብላ አለፈቻት። ገብታ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች። ሙሾ ተቀባይ ይፈልጋል፤ አውራጇ ስትጥል ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ማንሣት አለባቸው። አላነሡትም። መሬት መሬቱን አዩ። ከጥግ ሌላ ሴት ጀመረች፤ እሷን ተቀበሏት። እናቴ ሄዳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሾ አውርዳ አታውቅም።

ማሳው ከሌላ መንደር ለመጣ እኩል አራሽ ተሰጠ። ግማሹ እህል ለሁለት ሰው አይበቃም ነበርና እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ጎንደር ወረድኩ፤ አራዳ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆኜ ሠራሁ፣ ማታ ማታም ተማርኩ። ትንሽ ቆይቼ እናቴን አመጣኋት። የእንግዳ ማኅበሩም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረሰ። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና ፈረንጆቹ ቀሩ። ማኅበሩ በኋላ ለምሳ ብሎ የሠራው አዳራሽ ሣሩ ፈርሶ ፍየል ያድርበታል አሉኝ። ሲሳይ አሁን ባጃጅ ይነዳል። እናቴን ሊጠይቅ ሲመጣ ስለዚያ ቀን ሁለቱም አያነሡም።

አንዳንድ ጊዜ የምወቅሰው ሰው እፈልጋለሁ። ሽማግሌው ከልቡ ሰጠ፤ እናቴ ከልቧ አለቀሰች፤ አያ ዳኘውም ከልቡ ሮጠ። እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ መልስ ቢኖረው ደስ ባለኝ፤ ፈልጌ ግን አላገኘሁም።

ይኼን ጽሑፍ ጀምሬ ሳልጨርሰው፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመንደራችን ስልክ ተደወለ። አያ ዳኘው ሞቷል። እናቴ ወዲያው ለመሄድ ተነሣች፤ መንገዱ ግን ሰሞኑን ተዘግቷል፣ መኪና አይወጣም። አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ሳትፈታ የተከራየነው ክፍል ወለል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ሻካራና የተሰነጠቀ ድምፅ ሰማሁ፤

«ጀንበር ሳትዘቀዝቅ በሬ የፈታኸው፣
የእኔን ማሳ ጥለህ የማንን ልታርስ ነው?»

ስንኙን ጥላ ተቀባይ ጠበቀች። ከእኔ በቀር የሚያነሣላት አልነበረም። በደንብ አላውቅበትም፤ ግን ተቀበልኳት። ወቀሳውንም ለቅሶውንም አብሬ ተቀበልኩ።

የግቢው ጎረቤቶች ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ቁስቋም ደግ ሰፈር ነው። እናቴን ከበው ተቀመጡ፤ አከራያችንም እጇን ይዛ «እማማ፣ ሟቹ ምንዎ ናቸው? ወንድም ናቸው?» አለቻት።

እናቴ አሰበች። ዘመድ አልነበረም፤ አበልጅም አልነበረም።

«ማሳዬን ያርስልኝ ነበር» አለች።

«አዬ… ቅጥር ነበሩ?»

«ኧረ ቅጥርስ አልነበረም» አለች እናቴ፤ ከዚያም ሌላ ቃል ፈልጋ ስላጣች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።